የገና ቴምብር፤ ስሙና ግብሩ

ለቴምብር ሰብሳቢዎች የሚታተሙት መዝገቦች ስለ ገና ቴምብር አመጣጥ ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን ከካናዳ ይጀምሩታል። በ1898 ዲሴምበር 7 ቀን (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የካናዳ ፖስታ ቤት አንድ ባለ 2 ሳንቲም ቴምብር አወጣ። በቴምብሩ ላይ የዓለም ካርታ ተሥሏል፤ ከካርታው በላይ ዘውድ ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ «ኤክስማስ 1898» የሚል ጽሕፈት ይነበባል። ኤክስማስ እንግሊዞች ገናን በአጭሩ የሚጽፉበት ቃል ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል በግሪክ ቋንቋ የክርስቶስ ስም መነሻ ናት። ይህ ቃል ስላለበት ቴምብሩ «በዓለም የመጀመሪያው የገና ቴምብር» የሚል ማዕርግ አግኝቶ በብዙ ሰብሳቢዎች አልበም ፊተኛው ገጽ ላይ ተቀምጧል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ማዕርጉ የተገባ መሆኑንና አለመሆኑን መመርመር ነው። ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰነድ በላዩ ስለ ተጻፈው ቃል ብቻ መመደብ ይገባዋል ወይስ የተሠራበት ምክንያትና የተሠራበት አገልግሎት ታይቶ ነው የሚለው ጥያቄ ሁላችንም በየትምህርት ክፍላችን የምንገናኘው ጥያቄ ነው። ቴምብር ትንሽ ሰነድ ስለሆነ ጥያቄው በእርሱ ላይ በግልጽ ይታያል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ካናዳው ቴምብር ምክንያት እንናገር። በ1898 በለንደን የእንግሊዝ ግዛቶች የፖስታ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ የካናዳ ፖስታ ሚኒስትር የነበረው ዊልያም ሙሎክ በእንግሊዝ ግዛቶች መካከል የሚላክ ደብዳቤ ዋጋው ወደ አንድ ፔኒ፣ በካናዳ ገንዘብ ወደ 2 ሳንቲም እንዲወርድ አጥብቆ ይከራከር ነበር። ከዚያ በፊት ከካናዳ ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ ደብዳቤ የሚከፈለው 5 ሳንቲም ነበር። አሳቡ በብዙዎቹ ግዛቶች ዘንድ ተቀባይነት አገኘና አዲሱ ዋጋ ከዲሴምበር 25 ቀን 1898 ጀምሮ እንዲጸና ተወሰነ። ቴምብሩ የወጣው ይህን ለማወጅ ነው። እንግዲህ «ኤክስማስ 1898» የሚለው ጽሕፈት ስለ ልደት በዓል የተነገረ ምስጋና ወይም የመልካም ምኞት ቃል አይደለም፤ አንድ የዋጋ ዝርዝር የሚጸናበት ቀን ነው። ቀኑ በአጋጣሚ ሌላ ቢሆን ኖሮ ሌላ ይጻፍ ነበር።

ሥዕሉም ይህንኑ ይመሰክራል። በላዩ ሕፃን የለም፤ ኮከብ የለም፤ እረኞችም የሉም። ያለው የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት በቀይ ቀለም ተቀብቶ የሚታይበት ካርታ ነው፤ ከግርጌውም ስለዚሁ መንግሥት ስፋት የሚያወራ አንድ የግጥም መሥመር አለ። (ካርታው ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ የታተመ ነው። ከቀዩ ቀለም ውጭ ከቀሩት የአፍሪቃ አገሮች አንዷ የእኛ መሆኗን ሳያስተውል የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።) ሰብሳቢዎች ግን ቀዩን ትተው በባሕሩ ቀለም ይከራከራሉ። ባሕሩ በአንዳንዱ ቴምብር ላይ ወደ ሐምራዊ፣ በአንዳንዱ ወደ ሰማያዊ፣ በሌላው ወደ አረንጓዴ ይሄዳልና ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚያጠፉ አሉ። የታተመው ብዛት ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ስለሆነ ለመለያየቱ የሚበቃ ቴምብር አለ።

ስለዚሁ ቴምብር የሚነገር አንድ ወግ አለ። ማስረጃ ሆኖ ሳይሆን ጨዋታ ሆኖ ነው የሚነገረው። ቴምብሩ ለንግሥት ቪክቶሪያ በቀረበ ጊዜ አንዱ ባለሥልጣን «ለልዑሉ መታሰቢያ ነው» ብሎ ተናገረ ይባላል። ባለሥልጣኑ ያሰበው ስለ አልጋ ወራሹ ነበር። ንግሥቲቱ ፊታቸውን አጥቁረው «ለየትኛው ልዑል?» ብለው ቢጠይቁት በፍጥነት «ለሰላሙ ልዑል ነዋ፣ ግርማዊት ሆይ!» ብሎ ከቍጣ አመለጠ ይላሉ። ወጉ እውነት ቢሆንም እንኳ የሚያስረዳው ገና በቴምብሩ ላይ ለማመካኛ የገባ መሆኑን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ዝምታው ነው። ካናዳ በ1898 የገና ቴምብር ማውጣት ጀምራ ቢሆን ኖሮ በ1899 ወይም በ1900 ሁለተኛውን ባወጣች ነበር። የሚቀጥለው የካናዳ የገና ቴምብር የወጣው በ1964 ነው። በመካከሉ 66 ዓመት አለፈ። በ1964 የወጣው ቴምብር ቤተ ሰብ የልደትን ኮከብ ሲመለከት የሚያሳይ ነውና ስለ ገናነቱ ክርክር አያስነሣም። አንድ ልማድ በ66 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ከታየ ልማድ ነው ማለት ይቸግራል።

ታዲያ የገናን ቴምብር የወለደው ምንድን ነው? በበኩሌ መልሱን የምፈልገው በቴምብር አታሚዎች ዘንድ ሳይሆን በደብዳቤ ለያዮች ጠረጴዛ ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገር በ1840 የሮውላንድ ሂል አሳብ ተፈጽሞ አንድ ደብዳቤ በአገሩ ውስጥ ርቀት ሳይታሰብ በአንድ ፔኒ እንዲላክ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ቴምብር በዚያው ዓመት በሜይ ወር ወጣ። ለዚህ ሥራ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ሄንሪ ኮል ይባላል። ይኸው ሰው በ1843 ለወዳጆቹ ሁሉ በእጁ መጻፍ ቢያታክተው ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አሥሎ የገና ካርድ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ካርዱ እያደር ተስፋፋ። በ1870 ለፖስታ ካርድ የግማሽ ፔኒ ዋጋ ሲወሰን ደግሞ ድሃውም ሀብታሙም የሚልከው ሆነ። በ1880 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሕዝቡ የገና ደብዳቤውን አስቀድሞ እንዲልክ መለመን ጀመረ። ይህ ልመና ብዙ ይናገራል። በዓሉ ለፖስታ ቤት የገቢ ምንጭም መከራም ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ወቅቱ አንድ ቃል ልጨምር። አውሮፓውያን ገናን የክረምት በዓል ይሉታል። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ስለሆነ ቃሉን እንደ ወረደ ብንወስደው ያሳስተናል፤ የእኛ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በበጋ፣ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ልጆች በሜዳ ላይ ሩር ሲመቱ ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን ዲሴምበር ቀኑ አጥሮ፣ ምድሩ በበረዶ ተሸፍኖ፣ ሰው በየቤቱ ተከትቶ የሚሰነብትበት ወር ነው። ዘመድ ከዘመድ የሚጠያየቀው በደብዳቤ ነው። የሳንባ በሽታም የሚበረታው በዚያው ወራት፣ በተዘጋው ቤት ውስጥ ነው። ቀጥሎ የምናገረው ታሪክ ከእነዚህ ከሁለቱ ነገሮች የተወለደ ነው።

በ1903 የገና ሰሞን አይናር ሆልቦል የሚባል የዴንማርክ ፖስታ ቤት ሠራተኛ የደብዳቤውንና የካርዱን ክምር ሲለይ አንድ አሳብ መጣለት። እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ከመደበኛው ቴምብር ሌላ እጅግ ርካሽ የሆነ አንድ ትንሽ ወረቀት ቢለጠፍ፣ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ በሳንባ ነቀርሳ ለታመሙ ልጆች ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። በሽታው በዚያን ጊዜ መድኀኒት አልነበረውም። ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ተሕዋስ ያገኘው በ1882 ቢሆንም ሐኪሞች ለሕመምተኛው የሚያዙለት ንጹሕ አየር፣ ዕረፍትና ጥሩ ምግብ ብቻ ነበር፤ ለዚህም ልዩ ሆስፒታል ያስፈልጋል። ንጉሥ ክርስቲያን ዘጠነኛ አሳቡን ደገፉት፤ በ1904 የወጣውም የመጀመሪያው የገና ምልክት የሟቿን የንግሥት ሉዊዝን መልክ የያዘ ነበር። ዋጋው 2 ኧሬ ሲሆን በዚያው ገና ከ4 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የዴንማርክ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበርና በነፍስ ወከፍ ከአንድ በላይ ተገዛ ማለት ነው። በተሰበሰበው ገንዘብ በኮልዲንግ ከተማ አጠገብ የተሠራው ሆስፒታል በ1911 ተከፈተ። ሆልቦል በ1927 እስኪሞት ድረስ አሳቡ በብዙ አገር ሲሠራበት ለማየት በቃ፤ ስዊድን በዚያው በ1904፣ ኖርዌይም በ1906 ተከትለውት ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ይህን ትንሽ ወረቀት ሳናውቀው አናልፍም። ከውጭ አገር በሚመጡት ፖስታዎች ጀርባ፣ በክዳኑ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። እኛ ልጆች ቴምብሩን በውሃ አርሰን ስንልጥ ይህኛውን ዋጋ የለውም ብለን ከፖስታው ጋር እንጥለው ነበር። እውነት ነው፤ በፖስታ ቤት ሕግ ዋጋ የለውም። መቶ ቢለጠፍ አንድ ደብዳቤ አያሻግርም። ስለዚህም ብዙዎቹ መዝገቦች ከቴምብር ቤተ ሰብ ያስወጡታል።

ይህን አሳብ ወደ አሜሪካ ያሻገረው ያዕቆብ ሪስ ነው። ሪስ በዴንማርክ አገር፣ በሪበ ከተማ የተወለደ፣ በኒው ዮርክ የድሆችን ሰፈር ኑሮ በመጻፍና ፎቶግራፍ በማንሣት ስሙ የተጠራ ጋዜጠኛ ነበር። ስድስት ወንድሞቹን በሳንባ ነቀርሳ ስላጣ ከአገሩ በመጣ ደብዳቤ ላይ ያየው ወረቀት ምን እንደ ሆነ በተረዳ ጊዜ በ1907 ስለ ነገሩ ጽሑፍ አወጣ። በዚያን ጊዜ በደላዌር ግዛት፣ በዊልሚንግተን ከተማ አጠገብ አንድ ትንሽ የነቀርሳ ማረፊያ ቤት 300 ዶላር አጥቶ ሊዘጋ ነበር። ኤሚሊ ቢስል የተባለች ሴት የሪስን ጽሑፍ አንብባ፣ ምልክቱን ራሷ ሥላ፣ አሳትማ በዲሴምበር 1907 በፖስታ ቤቱ አዳራሽ አንዱን በአንድ ሳንቲም ትሸጥ ጀመር። በመጨረሻ የተገኘው ገንዘብ የተፈለገውን ዐሥር ዕጥፍ፣ 3,000 ዶላር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ቀይ መስቀል ሥራውን በአገሩ በሙሉ አስፋፋው። (ይህች ሴት ሴቶች በምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የሚጠይቁትን ሰዎች በአደባባይ የምትቃወም ነበረች። በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት ነገሮች መገናኘታቸው የታሪክ ጸሓፊ ሰውን በአንድ ቃል እንዳይጠቀልል ያስጠነቅቃል።)

አሁን ሁለቱን እናነጻጽር። የካናዳው ወረቀት ሕጋዊ ቴምብር ነው፤ የገና ቃል አለበት፤ ነገር ግን ከገና ጋር ያለው ግንኙነት የቀን ብቻ ነው። የዴንማርኩ ወረቀት ቴምብር አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ገና ተሠራ፤ በገና ሰሞን ተሸጠ፤ በየዓመቱም ተደገመ። አንደኛው ስሙን ያዘ፣ ሁለተኛው ግብሩን። ሰብሳቢው ስሙን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ አልበሙ የሚፈልገው ስም ነው። የታሪክ ተማሪ ግን የገናን ቴምብር አባት በኦታዋ ሳይሆን በኮፐንሃገን መፈለግ ያለበት ይመስለኛል። ፖስታውን ለበዓሉ ማስጌጥና የበዓሉን ስሜት በርካሽ ወረቀት መግለጥ የተለመደው በምልክቱ ነው፤ መንግሥታት ከብዙ ዓመት በኋላ የገቡት ሕዝቡ ወደ ለመደው ነገር ነው።

መንግሥታቱም ሲገቡ ቀስ ብለው ነው የገቡት። ኦስትሪያ በዲሴምበር 1937 ሁለት ቴምብር አወጣች። የተሣለው ጽጌረዳ አበባ ሲሆን በዙሪያው የዐሥራ ሁለቱ ከዋክብት ምልክቶች አሉ። ለገናም ለአዲስ ዓመትም ሰላምታ እንዲሆን የታሰበ ነው። ሦስት ወር ቆይቶ፣ በማርች 1938፣ ጀርመን ኦስትሪያን ጠቅልላ ያዘችና የኦስትሪያ ቴምብር ራሱ ለብዙ ዓመት ቀረ። በ1939 ብራዚል ለበጎ አድራጎት ተጨማሪ ዋጋ ያለባቸውን የገና ቴምብሮች አወጣች፤ ይህ የሆልቦል አሳብ በመንግሥት ቴምብር ላይ ሲገባ ነው። በዲሴምበር 1943 ደግሞ ሀንጋሪ ሦስት ቴምብሮች አወጣች። ለእረኞች የተነገረው ብሥራት፣ የልደቱ ሥዕልና የሰብአ ሰገል ስግደት ተሥሎባቸዋል።

በሀንጋሪው ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። በዚያው በ1943 ጃንዩዌሪ ወር የሀንጋሪ ሁለተኛ ጦር በሩሲያ አገር በዶን ወንዝ አጠገብ ተደምስሶ ነበር፤ በማርች 1944 ደግሞ የጀርመን ሠራዊት አገሩን ያዘ። ሦስቱ ቴምብሮች የወጡት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ልጁ ከዶን ያልተመለሰለት ቤት ገዝቶ በደብዳቤው ላይ የለጠፈው እነዚህን ነው። ያሳተመው መንግሥት በልቡ ያሰበውን ከቴምብሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ነገር ግን ይህን ቴምብር ያለ ዓመቱ ማንበብ ከካናዳው የባሰ ስሕተት ነው። መዝገቡ የሚለው «የልደት ሥዕል፣ ሦስት ዋጋ» ብቻ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። አውስትራሊያ ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ ማውጣት ያዘች። በዚያ አገር ዲሴምበር የበጋ ወር ስለሆነ የበረዶውን ሥዕል መቅዳት ሲያስቸግር ኖሯል፤ በ1977 የገና አባት በባሕር ማዕበል ላይ በሰሌዳ ሲንሸራተት የሚያሳይ ቴምብር ወጥቶ አንዳንዱን ሲያስቅ አንዳንዱን አስቆጣ። እንግሊዝ የጀመረችው በ1966 ነው፤ ከልጆች ውድድር የተመረጡት ሁለቱ ሥዕሎች የስድስት ዓመት ልጆች እጅ ሥራ ነበሩ፤ አንደኛው የምሥራቅ ንጉሥ፣ ሁለተኛው የበረዶ ሰው።

ብዙ የሚያከራክረው የአሜሪካ ታሪክ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በኖቬምበር 1 ቀን 1962 በፒትስበርግ ከተማ የመጀመሪያውን የገና ቴምብር አወጣ። ዋጋው 4 ሳንቲም ነው፤ የተሣለበትም የቅጠል ጉንጉን፣ ሁለት ሻማና የበር መዝጊያ ነው። በመጀመሪያ የታዘዘው 350 ሚሊዮን ሲሆን ያ ፈጥኖ አለቀ፤ ማተሚያ ቤቱ ሌሊትና ቀን ሠርቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ አወጣ። ሥዕሉ ከሃይማኖት የራቀ ቢሆንም መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ተለያይተው እንዲኖሩ በሚያዝ ሕግ በሚተዳደር አገር መንግሥት የገናን ቃል በቴምብር ላይ ማተሙ የሚቃወም አላጣም። በ1966 በሠዓሊው በሜምሊንግ የተሣለችው እመቤታችን ከነልጇ በወጣች ጊዜ ክርክሩ በረታ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሌላው ወገን ደግሞ «ገና ያለ ክርስቶስ ምን ገና ነው?» ብለው ስለ ሻማውና ስለ ጉንጉኑ የሚያጕረመርሙ ነበሩ። ፖስታ ቤቱ ያገኘው መፍትሔ ሁለቱንም ማውጣት ነው፤ ለአንዱ የቅዱስ ሥዕል፣ ለሌላው የጨዋታ ሥዕል። በኋላም በሩ ሰፋ። በ1996 ከእስራኤል ጋር በኅብረት የአይሁድ ሐኑካ ቴምብር፣ በ1997 የጥቁር አሜሪካውያን የኩዋንዛ ቴምብር፣ በሴፕቴምበር 1 ቀን 2001 የዒድ ቴምብር ወጡ። የመጨረሻው በሰማያዊ መደብ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈ የዐረብኛ ቁም ጽሕፈት ነው። ኒው ዮርክ በአደጋ የተመታችው ቴምብሩ በወጣ በዐሥረኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቴምብሩ እንዲቀር የጠየቁ ነበሩ፤ ፖስታ ቤቱ ግን አላስቀረውም። በብርድ ወራት በዓላት ስም የተጀመረው ቴምብር የጨረቃን አቈጣጠር ተከትሎ በየወራቱ የሚዞረውን ዒድን ጭምር ሲይዝ፣ ጥያቄው የወቅት መሆኑ ቀርቶ በአገሩ ቤተኛ ተብሎ የሚቈጠረው ማን ነው ወደሚለው ተለወጠ።

ቴምብር ለሚሰበስቡ ጓደኞቼ አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ። ቴምብሩን ከፖስታው አትላጡ። በውሃ ተልጦ በአልበም የገባ ቴምብር መልኩን ይዞ ታሪኩን አጥቷል። የካናዳው ካርታ የወጣው ዲሴምበር 7 ቀን ነው፤ አዲሱ ዋጋ የጸናው ግን በ25 ነው። በመካከሉ ባሉት ቀኖች ሰው ቴምብሩን ለምን ዐይነት ደብዳቤ እንደ ተጠቀመበት፣ በዲሴምበር 25 ቀን ደግሞ ስንቱ በ2 ሳንቲም ወደ ሩቅ አገር እንደ ላከ የሚነግረን የፖስታ ቤቱ ማኅተምና አድራሻው ናቸው። የገና ምልክቱም እንዲሁ ነው። ብቻውን ሲገኝ የተሸጠ ይሁን ወይም ያልተሸጠ አይታወቅም፤ ማኅተሙ ከፊሉ በምልክቱ ላይ፣ ከፊሉ በፖስታው ላይ ካረፈ ግን በዚያ ቀን በዚያ ከተማ አንድ ሰው ለታመመ ልጅ አንድ ሳንቲም መስጠቱ ተመዝግቧል።

በእኛም አገር ለዚህ ዐይነት ጥናት የሚሆን ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 በፓሪስ ታትመው የወጡት በሰባት ዋጋ ነው፤ በአራቱ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም የፖስታ ኅብረት የገባችው ግን በ1908 ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የራሳችንን ቴምብር ብቻ ይዞ ሊሻገር አይችልም ነበር፤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳዮችም ቴምብር ይጨመርበታል። እንግዲህ አንዱ በቶሮንቶ ተቀምጦ በ2 ሳንቲም ብቻ ወደ ለንደን በጻፈበት በ1898 ገና፣ ከአዲስ አበባ የሚጽፈው ሰው የሁለት መንግሥት ቴምብር ይለጥፍ ነበር። እንዲህ ያሉት ፖስታዎች በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። በላያቸው ያሉት ሁለቱ ማኅተሞች፣ የአዲስ አበባውና የጅቡቲው፣ ቀናቸው ሲነጻጸር ደብዳቤው ወደ ባሕር ለመውረድ ስንት ቀን እንደ ፈጀ ያሳያል፤ የምድር ባቡሩ ከመድረሱ በፊትና በኋላ ያሉትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።